በብስክሌት የመጡ ሽማግሌዎች

ብስክሌት የገዛሁት ለጤናዬ ነው ብዬ ያልነገርኩት ሰው ሞያሌ ውስጥ የለም። ለሱቅ ጎረቤቶቼ ነግሬያለሁ፣ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፣ ኬላው ላይ ለሚቆመው የኬንያ ወታደር፣ ለአስካሪው እንኳ ሳይጠይቀኝ ነግሬዋለሁ። «ደም ግፊት ነው፤ ሐኪም አዞኝ ነው» እላለሁ። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ግን ድሮ ነው፣ ያውም ሚስማር ወግቶኝ። በኬንያው ሞያሌ ሄሉ ሰፈር ውስጥ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለው ሰው ከዚያ ሌላ በሽታ የሚታመምበት ጊዜ የለውም።

እውነቱን እናንተ ስለሆናችሁ ልንገራችሁ። ብስክሌቱን የገዛሁት ለሰብለ ነው።

ሰብለ ከከተማው ወጣ ብሎ ጎዶማ በምትባል መንደር መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው የአቶ ንጉሤ ልጅ ናት። አባቷ ከደጋ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ኬንያ ተወልዳ ያደገች ናት። በአማርኛ ትቀልዳለች፣ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ በስዋሂሊ ትቆጣለች። እኔ በሦስቱም እፈራታለሁ። መጀመሪያ ያየኋት ዕለት ጨው ልገዛ ገብቼ ጨውን ረስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ ልመለስ አልኩና እግሬ እምቢ አለኝ። አርባ ዓመት ከዘለለ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር የሚይዘው ሰው ኩፍኝ በስተርጅና እንደያዘው ሰው ነው፤ ክፉኛ ነው የሚያደርገው።

አሁን ችግሩ ጎዶማ የመሄጃ ሰበብ ነው። ያለ ምክንያት በማታቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ብወርድ እኔ ሳልወርድ ወሬው ይወርዳል። ብስክሌት ላይ የተቀመጠን ሰው ግን ማንም ወዴት ነህ አይለውም። በዚያ ፀሐይ፣ መኪና እያለ፣ በገዛ እግሩ የሚንገላታ ሰው ጤነኛ አይደለም ብለው ያዝኑለታል እንጂ አይጠረጥሩትም።

ለምን ሽማግሌ አትልክም ትሉኝ ይሆናል። አቶ ንጉሤን ስለማታውቋቸው ነው። እሳቸው ሽማግሌ በመመለስ ከሞያሌ እስከ ኦቦ የታወቁ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቀ አንዱን ሰው «ሰላምታ ሲሰጥ ያኝካል» ብለው መለሱት። የሌላውን ሽማግሌዎች ደግሞ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ ስለተቀመጡ ብቻ ከወንበር አስነሥተው ሸኟቸው። በአቶ ንጉሤ እምነት እውነተኛ ሽማግሌ የመጣበት ነገር ሳያልቅ አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። አንድ ጊዜ እምቢ ካሉ ደግሞ አለቀ፤ በዚያ በር ሁለተኛ አይታለፍም። እኔ ደግሞ እምቢ ከምባል ሳልጠይቅ ባረጅ የምመርጥ ሰው ነኝ።

ይባስ ብሎ ባለፈው ሰሞን አንድ ወሬ ሰማሁ። ያቤሎ የሚኖር፣ ሁለት የጭነት መኪና ያለው ሰው ሰብለን አይቷታል፤ ሰሞኑን ሽማግሌ ይልካል። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት ላይ ቆረጥኩ፤ በመጪው እሁድ፣ ሌሎቹ ውሃ ሲቀዱ፣ ለሰብለ በግልጽ እነግራታለሁ። ምን ብዬ እንደምነግራት ግን አልቆረጥኩም።

ሌሎቹ ያልኳችሁ የብስክሌት ክለባችን አባላት ናቸው፤ እስከዚያ በየእሁዱ ጎዶማ የምወርደው ብቻዬን ነበር፣ በዚያ እሁድ ግን ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮኝ ሊወጣ ነው። ክለቡን ያቋቋሙት ሙዋሊሙ ጃርሶ ናቸው። ጡረታ የወጡ የቦረና መምህር ናቸው፤ አገሩ በሙሉ በስዋሂሊ ሙዋሊሙ፣ መምህር፣ እያለ ስለሚጠራቸው ስማቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከግብፅ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ በብስክሌት የሚወርዱ ፈረንጆች በከተማችን ባለፉ ቁጥር እየቆሙ ያዩና ይቆጩ ነበር።

«ፈረንጅ ይህን ባራባራ ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል!» አሉ አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ በጣታቸው አስፋልቱን እየወጉ። «እኛ አጠገቡ ተኝተን እናንኮራፋለን! በረሃው ቪው አለው! ቪው!»

በዚህ ዓይነት ክለብ ሆንን። ሙዋሊሙ አሉ። ሐጂ አደን አሉ፤ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ስኳር አለብዎት ተብለው የመጡ። ጋሽ ታደሰ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወዲያ ማዶ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን እዚህ ልጃቸው ዘንድ የሚጦሩ። ከዚያ እኔ አለሁ። ከእኔ በቀር ሁሉም ጎልማሳነትን ከተሰናበቱ ቆይተዋል። እኔም ብሆን ዳገት ላይ ስታዩኝ እኩያቸው እመስላለሁ።

የክለብ ልብስ ያስፈልጋል ተባለና ከናይሮቢ በአውቶቡስ ቁምጣ አስመጣን፤ ያ ከሥጋ ጋር የሚጣበቀው ዓይነት። ሲመጣ መቀመጫው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ተሰፍቶበታል። ምን እንደሆነ ግራ ገባንና ወደ ባለሙያው ዞርን። ሐጂ አገላብጠው አዩት፣ ጨመቁት፣ አሸተቱት።

«ይሄ የፋብሪካ ነው» አሉ። «አዲስ ጫማ ውስጥ ወረቀት ይጠቀጠቅ የለም? ቅርጹ እንዳይበላሽ ነው። ወረቀቱን ሳያወጣ ጫማ የሚያደርግ ሰው አይታችኋል?»

አላየንም።

«ደግሞስ» አሉ ሐጂ፣ «እዚህ ከተማ ውስጥ መቀመጫዬን የማያውቅ ሰው የለም። ዛሬ ድንገት አብጦ ቢያዩት ምን ይሉኛል?»

ይህም እውነት ነው። ሐጂ መቀሳቸውን አውጥተው የአራታችንንም ስፖንጅ በጥንቃቄ ቆርጠው ጣሉት። ሙዋሊሙ ግን የራሳቸውን ለቅመው ድስት ማውረጃ ይሆናል ብለው ለባለቤታቸው ወሰዱላቸው። እስከ ዛሬም ያገለግላል ነው የሚባለው።

ቀጥሎ የመጣው የሀፍረት ጉዳይ ነው። ትልቅ ሰው ጭኑን እያሳየ በከተማ መሃል አያልፍም። ስለዚህ በዚያ እሁድ ሐጂ ከቁምጣው በላይ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው መጡ። ጋሽ ታደሰ ከቅዳሴ በቀጥታ ስለመጡ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ ናቸው። ሙዋሊሙ ኮታቸውን ደርበው በትራቸውን ከብስክሌቱ ጎን በጎማ ቁራጭ አስረዋል፤ የቦረና ሽማግሌ ያለ በትሩ ከቤቱ አይወጣም፣ በብስክሌትም ቢሆን። በካናቴራ፣ በቁምጣና በሄልሜት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንተ ልጅ ነህ፣ ችግር የለውም አሉኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን ማለት ፀሐይዋ ቀድማን ተነሥታለች ማለት ነው። መውጫው ላይ ሙዋሊሙ አስቆሙንና ደንቡን አስረዱን። የፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፣ የኋለኞቹ በእሱ ከለላ ያርፋሉ፤ ሲደክመው ሌላው ይቀድምና እሱ በተራው ይሰብራል። ፈረንጅ እንደዚህ እየተፈራረቀ ነው አገር የሚያቋርጠው።

ደንቡ ለፈረንጅ ጥሩ ነው። እኛ ዘንድ ግን ትልቅን ሰው ቀድሞ መሄድ የሚባል ነገር የለም።

«ጋሽ ታደሰ ይቅደሙ» አሉ ሐጂ።

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ እያሉ?»

«ዋላሂ አልቀድምም።»

«እንግዲያስ ሙዋሊሙ ይቅደሙ፤ የቀለም አባት ናቸው።»

«እኔ? ምዜ እያለ?» አሉ ሙዋሊሙ፣ ሽማግሌ እያለ ማለታቸው ነው። ደረታቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ብስክሌቱም አብሮ አፈገፈገ።

እንዲህ ስንባባል ጄሪካን የጫነ አንድ አህያ ሁላችንንም ቀድሞ አለፈ። እኛም ተከተልነው። ኋላ ዕድሜ ሲጣራ ጋሽ ታደሰ ታላቅ ሆነው ተገኙና አህያው በታጠፈበት ቦታ መሪነቱን ተረከቡ። ከዚያ ወዲያ የቀደማቸው የለም። ነፋሱን እስከ መጨረሻው የሰበሩት እሳቸው ብቻቸውን ናቸው፤ እኛ ሦስታችን ከአክብሮት የተነሣ ከኋላቸው አረፍን።

የጋሽ ታደሰ ችግር ቀኝ መያዛቸው ነው። ወዲያ ማዶ መኪና ቀኙን ይይዛል፣ እዚህ ግራውን። ኬላውን ያለፈ ሰው ሁሉ እዚያው ይቀይራል። የጋሽ ታደሰ ጭንቅላት ግን ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ይመስል እስከ ዛሬ ወዲያው ማዶ ነው ያለው።

«ምዜ፣ ኩሾቶ! ግራ ይያዙ፣ ግራ!» ይጮኻሉ ሙዋሊሙ።

«ከቅዳሴ መጥቼ ግራ አልይዝም!»

ትልቅን ሰው ብቻውን ለሞት መስጠት ነውር ነው። ስለዚህ ሁላችንም ቀኝ ያዝን። ብዙም ሳንሄድ ከፊታችን የከብት መኪና መጣ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ይዞ አልለቅ አለ። ሐጂ በዐረብኛ ጸለዩ፣ እኔ በግዕዝ ጸለይኩ፤ ሁለታችንም ጸሎቱን ሳንጨርስ አራታችንም ግራር ውስጥ ነን። እሾሁን ስንለቃቀም ጋሽ ታደሰ «እነዚህ ኬንያዎች ሲነዱ ሥርዓት የላቸውም» አሉ።

ከእሾሁ ወጥተን ጥቂት እንደነዳን አንድ ግመል የሚጠብቁ ሽማግሌ ተገናኙንና ሙዋሊሙ ፍሬን ያዙ። የቦረና ሰላምታ እጅ አውለብልበው የሚያልፉት አይደለም። «ነጋ?» ይባላል፤ ሰላም ነው? «ነጋ» ይመለሳል። ቤቱስ ነጋ? ልጆቹስ ነጋ? ከብቱስ? ግመሉስ? ሣሩስ? ኩሬውስ? ሁሉም ነጋ ከሆነ በኋላ መላሹ በተራው ጠያቂ ይሆንና ነገሩ ከቤቱ ከልጆቹ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሰላምታው ሲያልቅ የብስክሌቴ ጥላ ዞሮ ሌላ ጎን ላይ ነበር።

«መኪናችሁ ተበላሸ?» አሉ ባለ ግመሉ በመጨረሻ፣ በሐዘኔታ።

«የለም፣ አገሩን ልናይ ነው የወጣነው» አሉ ሙዋሊሙ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞረው አገሩን አዩት። ምንም የጎደለ እንደሌለ ሲያረጋግጡ ወደ ግመሎቻቸው ሄዱ።

ሙዋሊሙ ግን ተስፋ አይቆርጡም። እጀታውን ለቀው በአንድ እጃቸው ኩይሳውን፣ ቀዩን አፈር፣ በሩቅ የሚታየውን ሰማያዊ ተራራ ያሳዩናል። «ይህን እዩ! ፈረንጅ ይህን አይቶ ያለቅሳል!»

«እኔም አልቅሼበታለሁ» አሉ ሐጂ። «በልጅነቴ ፍየል የጠፋብኝ እዚያ ኩይሳ ጋ ነው። አባቴ የገረፈኝም እዚያው ነው። አሁን ደግሞ እሱን ልይ ብዬ ስኳሬን ይዤ ልምጣ?»

እስካሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። መቀመጫችን። ለመናገር የሚያሳፍር ስለሆነ እርስ በርሳችንም አልተነጋገርንም። የቁምጣው ስፖንጅ የጫማ ወረቀት እንዳልነበረ መጠርጠር የጀመርኩት መንገድ አጋማሽ ላይ ነው፤ ሲቀጥል ጥርጣሬው እምነት ሆነ። ጋሽ ታደሰ መዝሙር ጀመሩና ስንኙ መሃል ላይ ያቃስታሉ። ሐጂ ቆመው መንዳት ጀመሩ።

«ምን ሆኑ ሐጂ?»

«ቪው እንዲታየኝ ነው» አሉ።

ጎዶማ ስንደርስ ከብስክሌት ወረድን ማለት አልችልም፤ ከብስክሌት ተነቀልን። ሦስቱ ብስክሌታቸውን እኔ ላይ ጥለው ከመንገዱ ማዶ ወደ አቶ ንጉሤ ግቢ አመሩ። ሐሳባቸው ውሃ ብቻ ነው። እኔ አራት ብስክሌት ከግራር ጋር ሳስጠጋ ከኋላቸው አየኋቸው። እግራቸውን ራቅ ራቅ አድርገው፣ እርምጃቸውን እየመረጡ፣ ፊታቸው በሕመም ከብዶ ይራመዳሉ። አንዱ ነጠላ፣ አንዱ ቆብና ሽርጥ፣ አንዱ ኮትና በትር። ከሩቅ ላያቸው ትልቅ ጉዳይ የተሸከሙ የአገር ሽማግሌዎች ናቸው።

ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ሳሎኑ ውስጥ ወንበር በረድፍ ተደርድሯል። ከጓዳ የበግ ወጥ ሽታ ይመጣል። አቶ ንጉሤ ከረባት አስረው በር ላይ ቆመዋል። እኔ በበሩ በኩል አንገቴን ሳስገባ ንግግሩ ተጀምሮ ነበር።

«ቤት ለእንግዳ! ካሪቡ፣ ካሪቡ! ግቡ! ተቀመጡ እንጂ!»

ሦስቱም ወንበሮቹን አዩ። የእንጨት ወንበሮች ናቸው።

«ግድ የለም፣ ቆመን ይሻለናል» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ኧረ በእግዜር! ደክሟችኋል፣ ተቀመጡ!»

«ዋላሂ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ፣ ከልባቸው።

«ፖሌ ፖሌ» አሉ ሙዋሊሙ በትራቸውን ተደግፈው። «መቀመጡ ቀስ ብሎ ይደርሳል። አሁን እንቁም።»

የአቶ ንጉሤ ዓይን በደስታ ሲበራ አየሁ። «እንዲህ ያለ ሽማግሌ በዘመኔ አላይም ብዬ ነበር!» አሉ። «እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ! በሉ እንግዲህ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው የመጣችሁት?»

«ውሃ» አሉ ሐጂ።

አቶ ንጉሤ ሳቁ። «አዎን! ሽማግሌ ከሩቅ ነው የሚጀምረው። ውሃ ብሎ ገብቶ ልጅ ይዞ ይወጣል!»

ጋሽ ታደሰ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በሕይወታቸው ስንት ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ተልከዋል። ለቅዳሴ ከዋዜማው ጀምረው እህል አልቀመሱም፤ ወጡ ደግሞ ይሸታል። አንገታቸውን ወደ ሐጂ ዘንበል አድርገው ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ልጃቸውን የምንጠይቅ ሽማግሌ መስለናቸዋል።»

«እንግዲያው አይደለንም እንበላቸዋ።»

«ካልን ምግቡ አይቀርብልንም።»

«ዝም ካልንስ?»

«ጉዳዩ ሳያልቅ አይበላም።»

ሐጂ ትንሽ አሰቡ። ለእሳቸው በጉ አይሆንም፤ ግን በወጡ ሽታ መሃል የሩዝ ሽታም ነበረበት። «እንግዲያው ጉዳዩን እንጨርሰዋ» አሉ።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በጣም በሚያምር ድምፅ፣ ለማን እንደሚጠይቁ ሳያውቁ፣ ሰብለን ጠየቁ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ዘር ከዘር፣ ቤት ከቤት እንዲጋባ ለምነን መጥተናል።»

«ልጃችሁን በወሬ አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ንጉሤ። «የያቤሎው አይደል? ሁለት መኪና ያለው። ዛሬ ትመጣላችሁ ተብዬ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኋችሁ ነው።»

ያ ሰው ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ዛሬ ነው ለካ! እኔ በገዛ እግሬ፣ በገዛ ቁስሌ፣ በረሃ አቋርጬ ለሌላ ሰው ሽማግሌ ይዤለት መጣሁ። ያውም የማይቀመጡ!

ውሸት የማያውቁትን ሙዋሊሙን ብቻ አላስችል አላቸው። «ሁለት ጎማ ነው ያለው» አሉ።

«ትሕትናችሁ!» አሉ አቶ ንጉሤ፤ ጭራሽ ወደዷቸው።

በዚህ መሃል ሰብለ በጆግ ውሃ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ሐምራዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ስታለቅስ ነበር። ለሦስቱ ውሃ ሰጥታ ቀና ስትል በሩ ላይ እኔን አየች። ጆጉን እንደያዘች ወደ ደጅ ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንተ ነህ የመራሃቸው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በየእሁዱ የምትመጣው ቤታችንን ልታጠናለት ነው? ለባለ መኪናው?»

አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ሌሊት የተለማመድኩት ንግግር በረሃው ውስጥ ቀርቷል። ምላሴ ደርቋል። ዓይኔ ጆጉ ላይ አረፈ።

«ውሃ ልጠጣ ነው የመጣሁት» አልኳት።

አየችኝ። ካናቴራዬን አየች፣ ቁምጣዬን አየች፣ ሄልሜቴን አየች።

«ዌዌ! ኩኝዋ!» አለች። ወደ ስዋሂሊ ከገባች እንግዲህ ተቆጥታለች ማለት ነው። «ጠጣ!» ጆጉን ደረቴ ላይ ገፋችልኝና ፊቷን አዙራ ገባች። ጠጣሁት። ምን ላድርግ፣ ጠምቶኛል። እየጠጣሁ ግን እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ገና ጆጉን ሳላስቀምጥ አንድ መኪና አቧራውን ይዞ ግቢው በር ላይ ቆመ። ሱፍ የለበሱ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። በአጠገቤ አልፈው ገቡ። አቶ ንጉሤ ግራ ተጋብተው ቁጭ በሉ ሳይሏቸው፣ እንግዶቹ ባዶውን ወንበር አይተው ተቀመጡ። ከያቤሎ ድረስ በመኪና ተቀምጠው መጥተው ደግሞ ተቀመጡ።

«እናንተ ደግሞ ከወዴት ናችሁ?» አሉ አቶ ንጉሤ፣ ወንበሮቹን በክፉ ዓይን እያዩ።

«ከያቤሎ ነን። ስለ ልጅዎ ጉዳይ ቀጠሮ አለን።»

አቶ ንጉሤ ቀስ ብለው ወደ እኛዎቹ ዞሩ። «እናንተስ የማን ናችሁ?»

ጋሽ ታደሰ ወጡ ወዳለበት አዩ። ሐጂ ጣራውን አዩ። ሙዋሊሙ በትራቸውን ከመሬት አንሥተው በበሩ በኩል ወደ እኔ ጠቆሙ።

«የዚህ» አሉ። «ይህ ሰው በየእሁዱ ከዚህ ሱቅ ጨው ይገዛል። ቤቱ ያለው ጨው ለግመል መንጋ ይበቃል፤ አንድም ግመል የለውም። እኔ ልጅ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፣ ሰው ሲደብቅ አውቃለሁ።»

«ሙሽራው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር?» ጮኹ አቶ ንጉሤ። «ያውም በቁምጣ?»

ካናቴራዬን ወደ ታች ሳብኩት። አልበቃም።

«ጠባዩስ?» አሉ፣ ቁጣው ውስጥ ሆነውም ወጉን አልረሱም።

«ብስክሌት አይችልም» አሉ ሐጂ። «ቁልቁለት ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ሲወድቅ ግን ሰው አይሳደብም።»

«እኔ ቀኝ ስይዝ አብሮኝ ቀኝ ይዟል» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። «ሞት ከፊት እየመጣ አልተለየኝም።»

«እኛ ግን ቀጠሮ አለን!» አሉ ያቤሎዎቹ።

«ቀጠሮማ አላችሁ» አሉ አቶ ንጉሤ። «ግን ተቀምጣችኋል።»

ሦስቱም ብድግ አሉ። ረፍዷል። አቶ ንጉሤ እጃቸውን ወደ በሩ ሲዘረጉ አወቅሁት፤ ሁላችንንም ሊያባርሩን ነው፣ ከዚህ በኋላ ሰብለን በዚህ በር አላያትም። ያን ጊዜ ሰብለ ከጓዳ ወጣች።

«አባባ፣ እሱ ራሱ ይናገር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ደግሞ ውሃ ካለ ግን እኔ ያቤሎ እሄዳለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሄልሜቴን አወለቅሁና መናገር ጀመርኩ።

«ብስክሌት አልወድም» አልኩ። «ደም ግፊት የለብኝም። ጨውም አልፈልግም። በረሃውንም አላየሁትም፤ ዓይኔ ይህ ቤት እስኪታይ ነው የሚጠብቀው። ከእሁድ በቀር ያለው ቀን ሁሉ ለእኔ እሁድ የሚጠበቅበት ነው። ሽማግሌ ያልላክሁት ስለማልፈልጋት አይደለም፤ እምቢ ቢሉኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። አሁንም ፈርቻለሁ።»

ከጓዳ ወጡ ሲንተከተክ ይሰማል። ሰብለ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ፣ እየሳቀች ነው።

«ይህችን ለመናገር ነው ይህ ሁሉ በረሃ?» አለች፣ በአማርኛ።

አቶ ንጉሤ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ከበሩ መለሱና ለያቤሎዎቹ በአክብሮት ተናገሩ። «እናንተ እንግዶቼ ናችሁ፣ ሳትበሉ አትሄዱም። የመጣችሁበት ነገር ግን አልቋል፣ ለላካችሁ ሰው ሰላም በሉልኝ።» ቀጥለው ከረድፉ አንድ ወንበር ስበው መሃል ላይ አቆሙና ወደ እኔ አመለከቱ።

«ና» አሉኝ። «ተቀመጥ።»

በዚያ ቤት ተቀመጥ መባል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በፊት የገባቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሙዋሊሙ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ጋሽ ታደሰ አለቀሱ፤ ለእኔ ይሁን ለወጡ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። እኔ ግን የማየው ወንበሩን ነው። እንጨት ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ራሷን ቀና ያደረገች አንዲት ሚስማር ትታየኛለች። ባለ ሚስማር ሱቅ ስለሆንኩ ዓይነቷንም አወቅኋት።

ተቀመጥኩ።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አቶ ንጉሤ ትከሻዬን ያዙና ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «አያችሁ? ከልቡ ነው!» አሉ፤ የእሳቸውም ዓይን ረጠበ። ከልቤ መሆኑ እውነት ነበርና አላረምኳቸውም።

የሆነውን ያወቀች ሰብለ ብቻ ናት። ለማንም ምንም ሳትል ጓዳ ገባችና ትራስ ይዛልኝ መጣች።